ለሦስት ደቂቃው ፕሮፌሰር ምስጋና

ሳይንቲስት ቀርፋፋ ነው። አንድ ፕሮቲን ምን እንደሚመስል ለማየት ብቻ ዓመታት ይፈጅበታል። ያየውን ይጽፋል፣ ሌላው አንብቦ ይተቸዋል፣ ተመልሶ ይሞክራል፣ አሁንም ይተቹታል። ደግነቱ በእሱ ብቻ ተማምነን አልቀረንም። የቤተሰብ ግሩፕ አለን።

በእኛ ግሩፕ ውስጥ ጋሼ አሉ። ስማቸው ይቅር። እንዲህ ያለ ጋሼ የሌለበት ግሩፕ ስለማይኖር አንባቢ የሚያውቀውን ስም ያስገባበት። ጋሼ የክትባት ትምህርታቸውን ጀምረው የጨረሱት በአንድ ምሽት ነው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ የድምፅ መልእክት ደረሳቸው። ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሁለት ሴኮንድ። ተናጋሪው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ መሃል ላይ በር ሲዘጋ ይሰማል። "ይህን ከመጥፋቱ በፊት ስሙት" ብሎ ይጀምራል። መቼስ በሹክሹክታ የሚያወራ ሰው አይዋሽም። ጋሼ አዳምጠው ሲጨርሱ ተመረቁ። አምስት ሰዓት ከአምስት ሲል እኛን ማስተማር ጀምረዋል።

የትምህርቱ ፍሬ ነገር አጭር ነው፦ የኮቪድ ክትባት በችኮላ ተሠርቷል። ከሥሩ ጋሼ ከራሳቸው አንድ ተረት ጨምረውበታል፤ "ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል"።

ለዚህ ድምዳሜ ያለኝን አክብሮት በምን ቃል ልግለጸው? ችኮላን በሦስት ደቂቃ ከአርባ ሁለት ሴኮንድ መርምሮ ማውገዝ የማንም ሙያ አይደለም።

እስቲ ችኮላውን እንየው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።

አር ኤስ ቪ የሚባል ቫይረስ አለ፤ የሕፃናትን ሳንባ አጥብቆ ይይዛል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ላይ ክትባት ተሠራለት። ዘዴው የተለመደው ነበር፤ ቫይረሱን ፎርማሊን በሚባል ኬሚካል መግደልና ለሕፃናቱ መስጠት። በኋላ ቫይረሱ ሲመጣ የተከተቡት ካልተከተቡት የባሰ ታመሙ። በአንደኛው ሙከራ ተከትበው ከተያዙት መካከል 80 በመቶው ሆስፒታል ገቡ። ሁለት ሕፃናት ሞቱ። እዚህ ላይ የሚሳቅ ነገር የለም።

የሚገርመኝ ግን ጋሼ ይህን ታሪክ አለማወቃቸው ነው። ስለ ክትባት አስፈሪ ታሪክ ሲፈልጉ ያድራሉ፤ ዓመት ያለው፣ ቁጥር ያለው፣ እውነተኛው ታሪክ ግን አልደረሳቸውም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ማንም አልደበቀውም። ራሳቸው ተመራማሪዎቹ ጽፈው አወጡት፣ ለዓመታት እያነሱ ሲጥሉት ኖሩ። ያልተደበቀ ነገር ደግሞ ለግሩፕ አይሆንም።

ምን ነበር ችግሩ? ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው፤ እውነቱን ለመናገር ከድምፅ መልእክቱ የበለጠ ይጥማል።

ቫይረስ ላዩ ላይ ፕሮቲኖች ተሰክተውበታል። ወደ ሕዋሳችን የሚገባው በእነሱ ነው። አንዳንዶቹ እንደተወጠረ ወጥመድ ናቸው። ታጥፈው፣ ተሸምቅቀው ይጠብቃሉ። ሕዋስ ሲያገኙ ይፈናጠራሉ፤ ተዘርግተው የሕዋሱን ሽፋን ይወጉና ቫይረሱን ስበው ያጣብቁታል። አንዴ ከተፈናጠሩ ወደ ቀድሞው ቅርፃቸው አይመለሱም። ጣጣው ደግሞ ትዕግሥት የላቸውም። ሕዋስ ባይኖርም፣ ብልቃጥ ውስጥ እንዳሉ በትንሽ ነገር ይፈናጠራሉ። ፎርማሊኑ ውስጥ የቆየው ቫይረስ ላዩ ላይ የነበረው በአብዛኛው የተፈናጠረ ወጥመድ ነበር። ለዚያ ክትባት መክሸፍ ሌሎችም ምክንያቶች ተገኝተዋል፤ ይህ ግን ዋና ከሚባሉት አንዱ ነው። ሰውነት የተማረው የማያስፈልገውን ቅርፅ ነው። ለዘበኛ የሌባውን ፊት ማሳየት ሲገባ፣ ሌባው ሲሮጥ ጥሎት የሄደውን ጫማ ፎቶ እንደመስጠት ማለት ነው። ዘበኛው ጫማውን በደንብ ያውቀዋል። ሌባው በሌላ ጫማ ይገባል።

ከመፈናጠሩ በፊት ያለው የፕሮቲኑ ፊት በግልጽ የታየው በ2013 ነው። ጄሰን ማክሌላን፣ ባርኒ ግርሃምና ፒተር ኳንግ የነበሩበት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቡድን ቅርፁን አሳየ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ እንዳይፈናጠር አድርጎ የሚይዝበትን ዘዴ አገኘ። ከ1960ዎቹ እስከ 2013 ድረስ ስንት ዓመት እንደሆነ አንባቢ ይቁጠር። ተመራማሪዎቹ በዚህ አልቆሙም፤ ያንኑ ሐሳብ ይዘው ወደ ኮሮና ቫይረሶች ዘመቱ። ያኔ የሚያሳስበው ሜርስ የሚባለው ነበር። በ2017 ባወጡት ጽሑፍ የኮሮና ቫይረስ ላዩ ላይ የተሰካውን፣ ስፓይክ የሚባለውን ፕሮቲን እንዴት ገትሮ መያዝ እንደሚቻል አሳዩ። ኮቪድ የሚባል ስም ገና አልተወለደም።

ዘዴው ሲታይ እዚህ ግባ የሚባል አይመስልም። ፕሮቲን እንደ ዶቃ የተሰካኩ አሚኖ አሲዶች ነው። ከእነሱ መካከል ፕሮሊን የሚባለው ግትር ነው፤ እንደ ሌሎቹ እንደልብ አይተጣጠፍም። ወጥመዱ ሲፈናጠር ቀጥ ብሎ የሚዘረጋው ቦታ ላይ ሁለት ፕሮሊን ሰካ ብታደርግበት መዘርጋት ያቅተዋል። በኮቪድ ቫይረስ ስፓይክ ላይ ቦታዎቹ 986ኛውና 987ኛው ናቸው። ከ1,273 ዶቃ ሁለቱን መቀየር፣ አለቀ። ከዚያ ስፓይኩ እንደተወጠረ፣ የሌባውን ፊት እንደያዘ ይቆያል።

እንግዲህ ጃንዋሪ 2020 ላይ የአዲሱ ቫይረስ የዘረመል ቅደም ተከተል ይፋ ሲሆን ተመራማሪዎቹ ሁለቱን ፕሮሊኖች የት መሰካት እንዳለባቸው ያውቁ ነበር። የመልእክተኛውን አር ኤን ኤ ነገር ደግሞ (በክትባቱ ውስጥ ሆኖ ለሕዋሳችን "ስፓይኩን እንዲህ ሥራ" የሚል መመሪያ የሚያደርሰው ነው) ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን የሚባሉ ተመራማሪዎች ቁልፍ የሆነውን ጽሑፍ ያወጡት በ2005 ነው። ካሪኮ ከዚያ በፊት ለምርምሯ ገንዘብ የሚሰጣት አጥታ ከደረጃዋ ዝቅ ተደርጋ ነበር። ኖቤል የደረሳቸው በ2023 ነው። በማርች 2020 የመጀመሪያዋ በጎ ፈቃደኛ ክንዷን ስትሰጥ ጋሼ ያዩት መርፌዋን ብቻ ነው። ያችን መርፌ አይተው "ሁለት ወር!" አሉ። ሩጫ የሚያዩት መጨረሻው መስመር ላይ ቆመው ስለሆነ ሯጩ አንድ እርምጃ ብቻ የሮጠ ይመስላቸዋል።

አልተቸኮለም ለማለት አይደለም። ሙከራዎቹ ተደራርበው ተካሂደዋል፤ ፋብሪካዎች ውጤቱ ሳይታወቅ ማምረት ጀምረዋል። ያ የገንዘብ ቁማር ነው። ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ሙከራ የገቡት ሰዎች ግን በአንደኛው ክትባት ከ40 ሺህ በላይ፣ በሌላው 30 ሺህ ያህል ነበሩ። የጋሼ የድምፅ መልእክት ግን የተሞከረው በእኛ ላይ ብቻ ነው።

ወደ ውዳሴዬ ልመለስ። ከምሩቃኖቻችን ችሎታ ሁሉ የሚያስቀናኝ ቃል የማስፈራት ችሎታቸው ነው። "ስፓይክ ፕሮቲን" ሲሉ ድምፃቸው ይለወጣል። ወገቡን ይዞ "ሰውነቴ ውስጥ ፕሮቲን አላስገባም" ያለኝን ጎረምሳ አውቀዋለሁ። ጡንቻ ለማፋፋት የፕሮቲን ዱቄት በውኃ እየበጠበጠ በቀን ሁለቴ ይጠጣል።

ዘረመል የሚሉትማ አለ። "አር ኤን ኤው ገብቶ ዘረመልህን ይቀይረዋል።" እንደምናውቀው መልእክተኛው አር ኤን ኤ ዘረመላችን ወዳለበት ኒውክለስ አይገባም። ከውጭ ሆኖ ይነበባል፣ ፕሮቲኑ ይሠራል፣ እሱ ራሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበጣጠሳል። መልእክት እንዲህ ነው መሆን ያለበት። ተነቦ የሚጠፋ። የእኛ ግሩፕ መልእክት ግን ከ2021 ጀምሮ አለ፤ በየስድስት ወሩ አዲስ ሆኖ ይመጣል።

ያኔ በ2021 ክንዳቸው ላይ ሳንቲም እየለጠፉ ቪዲዮ የሚቀርፁ ነበሩ። ማግኔት ሆነናል ለማለት ነው። ላብ ያለበት ቆዳ ላይ ሳንቲም እንደሚጣበቅ ያኔም ይታወቅ ነበር፤ ግን ማን ይሞክረዋል? ለነገሩ አያቶቻቸው ከእነሱ ይሻሉ ነበር። ኤድዋርድ ጄነር በ1796 የላም ፈንጣጣን ለክትባት ሲያውለው ሰዉ ተሸበረ። በ1802 ጄምስ ጊልሬይ የሚባል እንግሊዛዊ የካርቱን ሠዓሊ የተከተቡ ሰዎች ከክንዳቸውና ከፊታቸው ላም ሲበቅልባቸው ሣለ። ሙሉ ላም! ከላም ወደ ሳንቲም ወረድን። ሠዓሊው ደግሞ እየቀለደ ነበር።

ጋሼ ሲጨንቃቸው የሚመዟት አንዲት ጥያቄ አለች። "ይህን ያህል ካወቁ ለኤች አይ ቪ ለምን አልሠሩም?" ጥያቄዋ ጥሩ ናት። ችግሩ ጋሼ መልስ ሳይጠብቁ ከግሩፕ ይወጣሉ፣ በማግሥቱ ይመለሳሉ። እኔ ግን ልመልስ። የኤች አይ ቪ የላይኛው ፕሮቲን በስኳር የተሸፈነ ነው፤ ጂ ፒ 120 ከሚባለው ክፍል ክብደት ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው። ስኳሩን የሚለብሰው ከራሳችን ሕዋስ ስለሆነ የሰውነታችን ዘበኛ የቤት ሰው መስሎት ያልፈዋል። በዚያ ላይ ቫይረሱ በየጊዜው ይለዋወጣል። በታይላንድ ተሞክሮ በ2009 ውጤቱ የተነገረው ክትባት 31 በመቶ ያህል ብቻ ተከላከለ። ተመራማሪዎቹም አይበቃም አሉ። እኛ ብንሆን 31 በመቶ እርግጠኛ ሆነን አሥራ አንድ ግሩፕ እናዳርሰው ነበር።

የኢንፍሉዌንዛው ነገር ለእኛ ለአማርኛ ሰዎች ይበልጥ ይገባናል። ቫይረሱ ቅኔ ነው። ሄማግሉቲኒን የሚባለው ፕሮቲኑ አናትና ግንድ አለው። አናቱ ሰም ነው፤ ጎልቶ ይታያል፣ በየዓመቱ ይለወጣል። ግንዱ ወርቅ ነው፤ ብዙም አይለወጥም፣ ግን ተደብቋል። ቫይረሱን ለይቶ የሚይዘው የሰውነታችን መከላከያ፣ አንቲቦዲያችን፣ ደግሞ እንደ ችኩል ተማሪ ሰሙን ሰምቶ ያጨበጭባል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ሁለት ጊዜ ባለሙያ ሰብስቦ ለሚመጣው ወቅት የሚሆነውን ክትባት የሚያስመርጠው። ወርቁን ለሰውነታችን ለማስተማር ስንት ቤተ ሙከራ እየደከመ ነው። (አብዛኛው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ዛሬም የሚመረተው በዶሮ እንቁላል ውስጥ ነው። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።) ኩፍኝ በአንጻሩ ቅኔ አያውቅም። ላዩ እምብዛም ስለማይለወጥ ከ1963 ጀምሮ ያለው ክትባት መሠረቱ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ክትባት ጉዳት የለውም ያልኩ እንዳይመስል። የኤም አር ኤን ኤ (የመልእክተኛው አር ኤን ኤ) ክትባቶች፣ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ፣ አልፎ አልፎ የልብ ጡንቻ ብግነት ያስከትላሉ። የተገኘው በመቁጠር ነው፤ የተከተበውን በሚሊዮን ቆጥሮ፣ የታመመውን ለይቶ፣ አወዳድሮ። ከዚያም ተጽፎ ወጣ። ግሩፓችን ወሬውን ያገኘው ተጽፎ ከወጣ በኋላ ነው፤ "የደበቁን ምስጢር" ተብሎ።

ባለፈው ሳምንት ወገቤን አሰርኩና እዚህ የጻፍኩትን ሁሉ ለጋሼ ጻፍኩላቸው። ወጥመዱን፣ ሁለቱን ፕሮሊን፣ ጫማውን። አር ኤስ ቪም በመጨረሻ በ2023 ክትባት አገኘ፣ የተሠራውም ያንን የተገተረ ቅርፅ ይዞ ነው ብዬ ጨመርኩ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። መልሳቸው በዘጠኝ ሴኮንድ መጣ።

"ረዝሟል ልጄ። በድምፅ ላክልኝ።"

ብዙ አሰብኩ። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ መዝጊያው ቅጂው ላይ ይሰማል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ይህን ከመጥፋቱ በፊት ስሙት" ብዬ ጀመርኩ። ሦስት ደቂቃ ተኩል ወጣው።

ትናንት ማታ ከማላውቀው ሰው ተመልሶ መጣልኝ። "አንድ ትልቅ ፕሮፌሰር የተናገሩት" ይላል።