ሥዕሉስ ይሁን፣ ጽሑፉ ለማን ነው?

ትናንት ሰፈራችን ካለች ትንሽ ጋለሪ የኤግዚቢሽን መክፈቻ እናቴን ይዤ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ጀርባውን ለሸራው ሰጥቶ ሰልፊ ይነሳል። እሺ፣ ይሁን። ግን ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማብራሪያ ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛ! እናቴ «ምን ይላል ልጄ?» ስትለኝ አፈርኩ፣ ምክንያቱም እንግሊዝኛው ራሱ ሁለቴ አንብቤውም ጠብ የሚል ነገር የለውም። ሠዓሊና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ እኮ ጀርመን ተምሮ መጥቶ አብስትራክት እየሣለ ግጥሙን በአማርኛ ነው የጻፈው። ታዲያ አንዲት የአማርኛ አንቀጽ ምን ያህል ወረቀት ትፈጃለች? ዛሬ ሰው በሌለበት ረጋ ብዬ ልየው ብዬ በምሳ ሰዓት ተመለስኩ። ዝግ ነው። ዘበኛው «ወንድሜ፣ ትናንት መክፈቻው ላይ አትመጣም ነበር?» አይለኝም!