ባለ ሁለት ዓይኖች

ቢሮዬ «ኅብረተሰቡ በሥዕል ላይ ያለውን ዕይታ እንዲያጋራ» የሚል ፕሮጀክት አመጣ። ሙዚየም ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው ተፈለገ። ሰፈሬ ሞልቶታል። ሃያ አራት ሰው፣ ሃያ አራት ቅጽ፣ ሃያ አራት እስክሪብቶ። አንድ ቅጥቅጥ ተኮናተርን።

ግማሹ ነጭ ለብሶ መጣ። በር ላይ ጫማ ሊያወልቁ ያጎነበሱም ነበሩ።

አስጎብኚው ጨዋ ልጅ ነው። አማርኛው ግን ከበደን። አድዋ ሥዕል ፊት ቆሞ ስለ «ባለ ሁለት ልኬት ገጽታ» ሲያብራራ፣ ጉሊት ሽንኩርት የሚሸጡት እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ተጠጉ።

እኔም አየሁ። የእኛዎቹ ጠመንጃቸው ወደ ጣልያን፣ ፊታቸው ወደ እኛ።

«እንዲህ ሆኖ ይነጣጠራል እንዴ?» አልኩ፣ የተማርኩ መስዬ።

«ጣልያኖቹን እያቸው» አሉ እማማ። «ስንት ዓይን አላቸው?»

ቆጠርኩ። በጎን ነው የተሳሉት። አንድ፣ አንድ።

«ደግ ሰው በሁለት ዓይኑ ነው የሚሳል። ክፉ ባንድ ዓይን። ቤተ ክርስቲያን ይሁዳን አላየኸውም? ምን ስታይ ነው የምትውለው?»

አስጎብኚው ዝም አለ። አንዱ ጎረምሳ፣ ጊዮርጊስ ጦር ሜዳ ላይ ምን ይሠራል ብሎ ጠየቀ።

«አድዋ መቼ ነው?» አሉ እማማ።

«የካቲት 23፣ 1888።»

«23 የማን ነው? በገዛ ቀኑ ሊቀር ኖሯል?»

ከዚያ ቅጽ ሙሌት መጣ። እኔ እያነበብኩ እጽፋለሁ።

«ሥዕሉን ሲያዩ ምን ተሰማዎት?»

«ጉልበቴን። እዚህ ቤት መቀመጫ የለም?»

ያለው አንድ ወንበር ዙፋን ነው። እሱም በገመድ ታጥሯል።

ቅጹ «ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ» የሚሉ ሣጥኖች አሉት። ለይሁዳ የሚሆን ግን አጣሁ። «ሌላ ካለ ይገለጽ» የሚለው ላይ አንዲት መስመር አለች። እሷ ላይ «ጉልበት» ብዬ ጻፍኩ።

ልንወጣ ስንል የቡድን ፎቶ ተባለ። እማማ መሃል ቆመው ሰዉን አስተካከሉ።

«ቀጥ በሉ! ሁለት ዓይናችሁ ይታይ!»

ማታ ፎቶው በቴሌግራም ደረሰኝ። ሃያ አራቱም ፊት ለፊት ያያሉ። እኔ ዳር ላይ ቆሜ ቅጽ እየቆጠርኩ፣ በጎን ወጥቻለሁ።

በማግስቱ ሽንኩርት ልገዛ ጉሊት ሄጄ አሳየኋቸው። ስልኬን ራቅ አድርገው ይዘው አዩት።

«ምን ላርግህ ልጄ» አሉ፣ ሽንኩርቱን እየመዘኑ። «ተናግሬ ነበር።»