የሽንኩርት ቀን ሙከራ

እህቴ ልታገባ ነው። ድሬዳዋ ሰርግ ሲደገስ ለዘመድ ሁሉ ሥራ ይታደላል። አንዱ በሬ ይገዛል፣ አንዱ ድንኳን ይከራያል፣ አንዱ ደግሞ ምንም ሳይሠራ «እኔ ባልኖር ኖሮ» እያለ ይዞራል። ለእኔ የደረሰኝ ኪውአር ኮዱ ነው። «አንተ ስልክ ላይ ስለምትውል» ተባልኩ።

መነሻው የታላቅ ወንድማችን ሰርግ ነው። ያን ቀን ከዚራ ዛፎቹ ሥር ሙሽሮቹ ሲቆሙ አርባ ስልክ ሳይደገንባቸው አይቀርም። የደረሰን የሁለቱ ብቻ ነው። አንዱ የሙሽራውን ጭንቅላት ቆርጦታል። ሌላው ያነሳው ራሱን ነው፤ ሙሽሮቹ ከጀርባው ይታያሉ። የቀረው ሁሉ «እልክልሃለሁ አቦ» እንዳለ ነው። ልጃቸው አፍ ፈታ፣ ፎቶው አልመጣም።

ስለዚህ እህቴ ቆረጠች። በየጠረጴዛው ኮድ ያለበት ካርድ ይቀመጣል። እንግዳው ስልኩን ሲያስጠጋ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈትለታል፤ ያነሳውን እዚያው ይጥላል።

የመጀመሪያው ናሙና ዓይን ይስባል። ወርቃማ ኮድ፣ ክሬም ካርድ፣ ጥጉ ላይ ጽጌረዳ። አይሠራም እንጂ ሁሉ ነገሩ ሸጋ ነው። ይህን ኮድ በ1994 እ.ኤ.አ. ዴንሶ ዌቭ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ሲሠራው የመኪና ዕቃ ለመከታተል እንጂ ለጽጌረዳ አላሰበውም። ሦስቱ ጥጎች ላይ ያሉት ትልልቅ ካሬዎች ዓይኖቹ በላቸው፤ ስልኩ ኮዱ የት እንዳለና ወዴት እንደዞረ የሚያውቀው በእነሱ ነው። መሃሉ ላይ የሙሽሮቹን ፊደል ብታስገባ ይችለዋል፤ እስከ 30 በመቶው ቢጎዳ እንኳ እንዲነበብ አድርጎ መሥራት ይቻላል። ዓይኑን ከሸፈንከው ግን ያው ዕውር ነው። ወርቁም ከክሬሙ ጋር ተመሳስሎ ስልኩ ሊለየው አልቻለም። «ጥቁር በነጭ ይሁን» ብል «የለቅሶ ካርድ አደረግከው እንዴ?» አለችኝ። ሁለት ቀን ተኮራርፈን በጥቁር ቡናማ ታረቅን።

ከኮዱ ሥር «እባክዎ እዚህ ይቃኙ» የሚል ተጽፏል። አጎቴ አነበበና «ምኑ ነው የሚቃኘው? ክራር ነው?» አለ። «እባክዎ» ላይ ሲደርስማ ሳቁ አላቆም አለው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይበረክትም፤ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም «አንተ» ብሎ የሚጠራ አገር ነው። «አቦ፣ ‹ፎቶ ያነሳህ እዚህ ጣል› በለው!» አለ። እንዲያውም ከእኔ ጽሑፍ የእሱ ይሻላል።

እህቴ ናሙናውን በራሷ ስልክ ሞከረችው። ሠራ። «በቃ፣ ይታተም» አለች። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። አዲስ ስልክ፣ ሙሉ ዳታ፣ የወጣት ዓይን፣ እንዴት አይሠራ? ሰርጉ ላይ የሚመጡት ሌሎች ናቸው። ሁሉንም አንድ ላይ የማገኝበት ቀን ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ሽንኩርት የሚላጥበት።

ድንኳኑ ውስጥ ሙቀቱ ያቃጥላል፣ ሽንኩርቱ ያስለቅሳል። ናሙናውን ይዤ ገባሁ። «ካርዱን አንሺው» ያልኳት የመጀመሪያዋ ሴትዮ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «በስልክ ነው የምልሽ!» ስላት አውጥታ ፎቶ አነሳችውና ለልጇ ላከችለት። ሁለተኛዋ «ዳታ የለኝም» አለች። ሦስተኛዋም። የራሴን ከፈትኩላቸው። ትንሽ ቆይቶ ከድንኳኑ ውጪ ያሉ ጎረምሶች ሁሉ ቪዲዮ እያዩ አገኘኋቸው። ጥቅሌ ያለቀው ያኔ ነው፤ ሌላ ሞላሁ።

ከዚያ እቴቴ መጣች። እቴቴ አክስቴ ናት። ስልኳን አቧራ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልላ ነው የምትይዘው። ፌስታሉን ፈታች። ጣቷ በሽንኩርት ውሃ ርሷል፤ ስክሪኑ እምቢ አለ። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ እምቢ። በመጨረሻ ጎንበስ ብላ በአፍንጫዋ ነካችው። ተከፈተ! ድንኳኑ አጨበጨበ። አሁን ካርዱን በግራ፣ ስልኩን በቀኝ ይዛ ክንዷን እስከመጨረሻው ዘረጋች፤ መነጽሯ ቤት ነው። ኮዱ 2 ሳንቲ ሜትር ነው። እንዲህ ላለው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢርቁ ነው ደህናው። የእቴቴ ክንድ ግን የትና የት። «አስጠጊው!» ስላት «ካስጠጋሁትማ አይታየኝም!» ትላለች። ለአንቺ ሳይሆን ለስልኩ እንዲታየው ነው ብላት ማን ሊሰማኝ።

ኮዱ በእጥፍ ይደግ ተባለ። እህቴ እዚያው ቁጭ ብላ አስተካከለችው፤ እቴቴም ከላፕቶፑ ላይ በተዘረጋ ክንዷ አነበበችው። ወዲያው 300 ካርድ እንዲታተም ታዘዘ። እኔም በደስታ «በሉ እንግዲህ፣ ያገኛችሁትን አንሱና ላኩ!» አልኩ።

ይህን ማለት አልነበረብኝም።

ማታ ግሩፑን ከፈትኩት። አሥራ ምናምን የአውራ ጣት ፎቶ። የሽንኩርት ጆንያ። አጎቴ በሽርጥ፣ እንቅልፍ ወስዶት፣ አፉ ተከፍቶ። ከዚያ እቴቴ የላከችው፤ እናቴ የጥሪ ስሞች የጻፈችበት ደብተር፣ ጥርት ብሎ፣ በቀይ እስክሪብቶ ከተሰረዙት ስሞች ጋር። ከተሰረዙት አንዷ ድንኳኑ ውስጥ ስትልጥ የዋለች ናት። ለመላጥ ተጠርታ ለመብላት አልተጠራችም። ከሥሩ «👍» አድርጋበታለች። ሌላ ምንም አላለችም።

ደነገጥኩ። አስተዳዳሪው እኔ ነኝ፤ ያቺን ፎቶ ብቻ ለሁሉም ማጥፋት እችል ነበር። በድንጋጤ ግን ሙሉ ግሩፑን አጠፋሁት። ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከሴትዮዋ ቤት ይቅርታ ጠይቃ ተመለሰች። የተሰረዙት በሙሉ ተመለሱ፤ እነሱ የሚያመጧቸው ሲጨመሩ ዝርዝሩ በሃያ ሦስት ሰው አደገ። ካርዱም መጣ። 300 ነው፣ ሽታው ገና የማተሚያ ቤት። እህቴ ስልኳን አስጠጋች። ሊንኩ አይሠራም አላት። ኮዱ እኮ የቤት አድራሻ ነው፤ ቤቱን ያፈረስኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

አሁን ካርዱን እንደገና ላሳትም እየሄድኩ ነው፣ በራሴ ገንዘብ፣ በዚህ ፀሐይ፣ በባጃጅ። አጎቴ በር ላይ አስቆመኝ።

«ስማ፣ ያቺን ተኝቼ የተነሳኋትን ፎቶ ግን አጥበህ ትሰጠኛለህ አይደል?»