«የዛሬ ቃል» ነገ የት ይሄዳል?

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በስልኬ ባትሪ እያጠናች «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እያት» አለችኝ። የባዮሎጂ ጥያቄ ነው። ተክል ምን ካላገኘ ምግቡን መሥራት እንደማይችል ይጠይቃል። ክሎሮፊልን ታውቀዋለች። ፎቶሲንተሲስንማ በአንድ ትንፋሽ ነው የምትወጣው። ያሰናከለቻት መሀል ላይ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ቃል ናት፤ «አንለስ»። «‹ካልሆነ በቀር› ማለት እኮ ነው» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ውይ! መልሱንማ አውቀዋለሁ» ብላ ወዲያው አከበበችው።

ነገሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ልጅ ፈተና ሲወድቅ ትምህርቱ አልገባውም እንላለን። ግን ስንቱ ነው ትምህርቱ ገብቶት ጥያቄው ያልገባው? በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ምድሩ ደንግጦ ነበር። ሁሉንም በቃላት እጥረት ላሳብብ አይደለም። የመጽሐፉ እጥረት አለ፣ የመምህሩ ኑሮ አለ፣ በእኛ በኩል ደግሞ ባለፉት ዓመታት ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደከረመ የማያውቅ የለም። ቢሆንም ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ከአማርኛው በስተቀር ፊዚክሱም፣ ታሪኩም፣ ኬሚስትሪውም በእንግሊዝኛ ነው። «አንለስ»ን የማታውቅ ልጅ ደግሞ ሁሉም ክፍለ ጊዜ ላይ ያቺው ቃል ትጠብቃታለች።

እዚህ ላይ «ለዚህ እኮ የዛሬ ቃል የሚባል አለ» የሚል ሰው አይጠፋም። አውቃለሁ፣ እኔም ያደግሁበት ነው። ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ አንድ ተማሪ ወጥቶ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከነትርጉሙ ያነባል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሠራበታል፤ ይጨበጨብለትና ወደ ሰልፉ ይመለሳል። በማግሥቱ ሌላ ተማሪ፣ ሌላ ቃል። እኔ ተራዬ ደርሶ «ማግኒፊሰንት» (ዕጹብ ድንቅ) ብዬ ጮኬያለሁ። ጭብጨባውም ደማቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቃሏን የተጠቀምኩባት ዛሬ ነው፣ ያውም ለወቀሳ።

በየቀኑ አንድ ቃል የሚለው ሐሳብ ጥሩ ነው። የማይጥመኝ አያያዙ ነው። አንደኛ፣ የሚመረጠው ቃል ለጭብጨባ የሚሆነው ነው። ሁለተኛ፣ ቃሉ አንዴ ሰልፉ ላይ ከተጠራ በኋላ የት እንደገባ ማንም አይጠይቅም።

ከሁለተኛው ልጀምር፣ እሱ ይብሳል። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበር። ትርጉም የሌላቸውን ቁርጥራጭ ድምፆች ራሱ እየሸመደደ፣ ምን ያህሉን በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚረሳ በራሱ ላይ ለካና ውጤቱን በ1885 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ያገኘው ነገር ተማሪ ሆኖ ላለፈ ሰው አዲስ አይደለም። አብዛኛው የሚረሳው ወዲያው ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን። ከዚያ በኋላ መርሳቱ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ልክ ሊጠፋ ሲል መልሰው ካዩት ግን በቀጣዩ ጊዜ ቶሎ አይጠፋም። እንግዲህ ሰኞ ጠዋት የተነበበች ቃል ማክሰኞ ተመልሳ ካልታየች ከሰኞ አታልፍም። እኛ ማክሰኞ የምናደርገው ደግሞ በላይዋ ሌላ ቃል መጫን ነው።

የሚገርመኝ፣ ይህን ነገር ለጎጃም ሰው ከጀርመን ማምጣት አልነበረብንም። የታወቁት የቅኔ ቤቶች፣ ዋሸራና ጎንጅ፣ እዚሁ ናቸው። ቅኔ ሊማር ከየአገሩ የሚመጣው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ እህል እየለመነ የተማረው እዚሁ እኛ ሰፈር ነው። እስቲ የቅኔ ተማሪ ቃል እንዴት እንደሚማር ልብ ብላችሁ እዩ። ግስ ይሰማል። «ቀተለ ገደለ፣ ቀደሰ አመሰገነ፣ ሤመ ሾመ» እየተባለ ግእዙ ከአማርኛው ጋር ተጣምሮ ይወርዳል። ይህ የእኛው የሰልፉ ቃል ነው በሉት። ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ነው። ግሱን ያረባዋል። «ገብረ» ሠራ ነው ከተባለ ግብር፣ ተግባር፣ ምግባር፣ ገባር ከዚያችው ከአንዷ ቃል ተከትለው ይመጣሉ። አንድ ቃል የተማረ ልጅ አንድ ቤተሰብ ይዞ ይሄዳል ማለት ነው።

ይህም አልበቃም። ተማሪው ዛፍ ሥር ወይ ጫካ ጥግ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ በሰማው ግስ የራሱን ቤት ይመታል። ከጉባኤ ቃና ነው የሚጀምረው፣ ሁለት ቤት ብቻ። ከዚያ ይዞ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። የኔታ ያርሙታል፤ ካልሆነለትም ይመልሱታል። ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸውን በዚህ ያሳለፉ አንድ መሪጌታ አሉ። ስለ ሰልፉ ቃል ስነግራቸው ሳቁና «የሰማኸውን ግስ በማግሥቱ ቅኔ ውስጥ ካላገባኸው፣ ምኑን ሰማኸው?» አሉኝ። እኔ በአንድ ሙሉ ጽሑፍ ልል የፈለግሁትን እሳቸው ቡናቸውን ሳይጨርሱ ተናገሩት።

ቃሉ ተጠርቷል፣ ግን አልረባም፣ አልተቆጠረበትም፣ አልተነገረም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከቅኔ ቤቱ የመጀመሪያውን ደቂቃ ወስዶ የቀረውን ትቶታል።

አሁን ወደ ቃል ምርጫው። ማይክል ዌስት የተባለ እንግሊዛዊ መምህር በ1953 እ.ኤ.አ. ለቋንቋው ተማሪዎች ይቅደሙ ያላቸውን ወደ 2,000 የሚጠጉ የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር አውጥቶ ነበር። የእህቴ ልጅ «አንለስ» እዚያ ውስጥ ናት። በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ አቭሪል ኮክስሄድ የምትባል ተመራማሪ ኒውዚላንድ ሆና ከእነዚያ ቀጥለው በትምህርት ጽሑፎች ላይ የሚደጋገሙትን 570 የቃል ቤተሰቦች ለየች። እነ «ኢንዲኬት»፣ «ኤስቲሜት»፣ «ዴራይቭ»፣ «ሪኳየር» ማለት ነው። እነዚህ 570ዎቹ ብቻቸውን ትምህርት ነክ ጽሑፍ ላይ ከሚገኙት ቃላት 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። የትኛውም የትምህርት ዓይነት ላይ ይገኛሉ። አያምሩም፣ አይጨበጨብላቸውም፣ ፈተና ላይ ግን አይቀሩም። «ቤተሰብ» የሚለው አቆጣጠር ራሱ የቅኔ ቤቱ እርባታ ነው። «ኢንዲኬት»ን የያዘ ልጅ «ኢንዲኬተር»ንና «ኢንዲኬሽን»ን ለብቻ መሸምደድ የለበትም።

ሒሳቡን እንሥራው። በሳምንት አራት ቃል፣ አርብን ለክለሳ ብቻ እንተወው። የትምህርት ዓመቱን 40 ሳምንት ብንለው 160 ቃል ነው። ስድስተኛ ክፍል የጀመረ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል አጋማሽ ሲደርስ 570ዎቹን ጨርሷል፣ ያውም ልክ እንግሊዝኛው በሚከብድበት ሰዓት። ይህ ለሁሉም ነገር ይበቃል አልልም። በቀን በአንድ ቃል ቋንቋ አይሞላም፤ የቀረው የሚመጣው በማንበብ ነው። የማያነብ ልጅ ቃል ቢቆጥር ቢቆጥር ያው ነው። ግን በየመስመሩ አራት ጊዜ የሚደናቀፍ ልጅን «አንብብ» ብትሉት መቼ እሺ ይላችኋል?

ሌላም አለ። የዛሬ ቃል ሲባል ለምን ሁልጊዜ እንግሊዝኛ ብቻ ይሆናል? ባለፈው ጥር ይህችው ልጅ ቢቸና አባቴ ጋ ለውቂያ ሄዳ ነበር። አባቴ አውድማው ላይ ሆኖ «ላይዳውን አቀብይኝ» ቢላት፣ እህሉ ከገለባው የሚለይበትን የእንጨት አካፋ ማለቱ ነው፣ መንሹን ይዛ ከች። «ተማረች የምትሏት ይቺ ናት?» ብሎ ሲስቅባት ዋለ። እሷ እንኳን ተናድዳለች። ላይዳን የሚያውቁት፣ ከሞፈር ወገልን፣ ከዛላ እሸትን የሚለዩት የገጠር ልጆች ግን ከተማ መጥተው ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ «ቃላት የላቸውም» ይባላሉ። አላቸው እኮ። የጠየቃቸው የለም እንጂ። እኔ ብሆን ከአራቱ የሳምንት ቃላት አንዷን አማርኛ አደርጋት ነበር። 570ዎቹ ትንሽ ቢዘገዩ ይዘግዩ። ልጁ ከአያቱ ጠይቆ ያምጣት፤ ክፍሉ ደግሞ ያርባት።

መምህራን ጓደኞቼ ይህን ሳወራ ቀድመው የሚሉኝ አንድ ነገር ነው። «አንድ ክፍል ውስጥ 70 ተማሪ ይዘህ፣ መዝገበ ቃላት ሳይኖርህ፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ሆኖ ሞክራትና አሳየን!» እውነታቸውን ነው። መምህሩ ላይ ሌላ ሥራ መከመር ይቀናናል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሞከርኩት።

ባዶ የጫማ ካርቶን ወሰድን። ውስጡን በወፍራም ወረቀት ሦስት ቦታ ከፈልነው። ካርዱን የሠራነው ካለቀ ደብተር ሽፋን ነው፤ በአንድ በኩል ቃሉ፣ በሌላው ትርጉሙና እሷ ራሷ የሠራችው ዓረፍተ ነገር። ከመጽሐፍ መገልበጥ ክልክል ነው። የመጀመሪያው ክፍል በየቀኑ ይታያል፣ ሁለተኛው አርብ አርብ፣ ሦስተኛው በወር መጨረሻ። ያወቀችው ካርድ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። የሳተችው፣ የትም ይሁን የት፣ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ፈጠራው የእኔ አይደለም፤ ላይትነር የሚባል ሰው በ1972 እ.ኤ.አ. በጀርመንኛ በጻፈው መጽሐፍ ያስተዋወቀው ነው። የፈጀብን ገንዘብ የለም። ጊዜውም ቢበዛ ቡና እስኪፈላ ነው። ትምህርት ቤት ቢዘጋም ካርቶኑ አይዘጋም፣ በእኛ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ክፍል ውስጥ ይሠራ እንደሆነ እናንተ መምህራን ንገሩኝ። ለ70 ልጅ 70 ካርቶን አያስፈልግም። በአንድ ዴስክ የሚቀመጡ ልጆች አንድ ይዘው እርስ በርስ ቢጠያየቁ ይበቃል ባይ ነኝ። ሰልፉም ይቅር አልልም። የሚወጣው ልጅ ግን አዲስ ቃል ከማንበቡ በፊት የባለፈውን ሳምንት ቃል ከሰልፈኛው መሀል አንዱን ይጠይቅ። ጭብጨባው ለመላሹ ይሁን።

እኛ ቤት ሁለት ወር ሆነው፤ 32 ካርድ ገብቷል። ልጅቷ ቃሉን በቃል ከመጥራት አልፋ እኔው ላይ መቁጠር ጀምራለች። ባለፈው ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ ሻይ ብላት «ኖ ቲ፣ አንለስ ዩ ባይ ሹገር» ብላኝ እርፍ። ወጥቼ ገዛሁ፣ ምን አደርጋለሁ። «አንለስ» ሦስተኛው ክፍል ደርሳለች። «ላይዳ»ም እዚያው ናት፤ እሷን እንኳ አንዴም አልሳተቻትም፣ አያቷ የሳቀባት ሳቅ መቼ ይረሳታል። «ኔቨርዘለስ» («ቢሆንም» እንደ ማለት) ግን አምስት ጊዜ ወደ መጀመሪያው ክፍል ተመልሳለች። ነገ ጠዋት ደግሞ ተራዋ ነው።