የማን ልጅ ይሆን

ለነነዌ ጾም ደብረ ማርቆስ ነበርሁ። እናቴን ካየኋት ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደጉ ጊዜ ጠዋት ተነስቶ ምሳን ማርቆስ መብላት ነበር። አሁን መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋል። ዓባይ በረሃን ስንወርድ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያማትብ ነበር።

ሦስቱንም ቀን ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ዋልሁ። ቄሱ ምህላውን ይመራሉ፤ ሕዝቡ እየሰገደ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ይላል። 41 ጊዜ። የአሮጊቶቹ ጉልበት መሬት ሲነካ ይሰማል። ትከሻቸው ላይ ድንጋይ የተሸከሙም ነበሩ። ቄሱ ሲያስተምሩ ያሉት አጭር ነው። "በደልን። ወንድም ወንድሙን ገደለ። ይቅር በለን።" በሦስቱ ቀን "እነሱ" የሚል ቃል አንድም ጊዜ አልሰማሁም። ልጃቸውን የቀበሩ ሰዎች መካከል ቆሜ ነው ይህን የምለው።

የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። እኛም ስለ አገር እንጸልያለን፤ ጸሎታችንን ማሳነስ አልፈልግም። ሌሊቱን ሥራ አድሮ እንቅልፉን ሳይተኛ ቅዳሴ የሚቆም ሰው አውቃለሁ። ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ የእናቱን ድምፅ ሳይሰማ ወራት የከረመ ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ። እሱ ከአንጀቱ ነው የሚጸልየው። ግን ቁጣችን ጸሎታችን ውስጥ ገብቷል። አፋችን "ሰላም ስጠን" ሲል ልባችን "እነ እገሌን አጥፋልን" ይላል። እኔም ብያለሁ፤ ደጋግሜ። ሩቅ ያለ ሰው ሬሳውን አያነሳም፤ ለቅሶ ቤት አይቀመጥም። በስልኩ የሚደርሰው ዜናው ብቻ ነው፤ ዜና ደግሞ ቶሎ ወገን ያስለያል።

ነህምያም እንደኛ ስደተኛ ነበር። በሱሳ ከተማ፣ በፋርስ ንጉሥ ቤት፣ ጠጅ አሳላፊ። የኢየሩሳሌም ቅጥር ፈርሶ ሕዝቡ በመከራ ላይ መሆኑን ሲሰማ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ጾመ። በቦታው አልነበረም። "እነሱ በደሉ" ቢል ማን ይፈርድበታል? እሱ ግን ራሱንና የአባቱን ቤት ጨምሮ "በድለናል" አለ። ይህን ምዕራፍ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የገባኝ ግን ደብረ ማርቆስ ላይ ነው።

የምኖርባት አገርም ይህን ታውቅ ነበር። አሜሪካኖች እርስ በርስ ሲጨራረሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1863፣ ፕሬዚዳንት ሊንከን ኤፕሪል 30ን የጾምና የጸሎት ቀን አድርገው አወጁ። አዋጁ ሕዝቡን ለድል ጸልዩ አላለውም። እግዚአብሔርን ረስተናል፣ ጦርነቱ የኃጢአታችን ቅጣት ይሆናል፣ ተናዘዙ ነው ያለው። ዛሬም እ.ኤ.አ. በ1952 በወጣ ሕግ በየዓመቱ ብሔራዊ የጸሎት ቀን አላቸው። እኔ በምሠራበት ቦታ ግን ቀኑን የሚያነሳው ሰው አልገጠመኝም።

ምህላው ባለቀ ማግስት ሌሊት ማርቆስ ዳር ተኩስ ነበር። ሲነጋ አንድ ወጣት መሞቱ ተወራ። እኔ ወዲያው "ከየትኛው ወገን ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝና "የማን ልጅ ይሆን?" አለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ወጣች።

አሁን ማታ ማታ ስደውልላት ጸሎት ላይ አገኛታለሁ። የልጁን ክርስትና ስም የሚነግራት ሰው አላገኘችም። "ስሙን አንተ ታውቀዋለህ" እያለች ነው የምታነሳው፤ ከወንድሞቼና ከእኔ ስም ቀጥላ።