የ«ምንም» ነጋዴ

በገበያ ያለ ሰው ሁሉ የሚታይ ነገር ይሸጣል። አናጺው በሩን ከፍቶ ዘግቶ ያሳያል፤ ቀለም ቀቢው ግድግዳውን አብርቶ ይሄዳል፤ ልብስ ሰፊውን ደንበኛው መስታወት ፊት ቆሞ ዞር ዞር እያለ ያመሰግነዋል። እኔ የምሸጠው «ምንም» ነው። ፈቃድ ያለኝ የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭ ነኝ፤ ሥራዬ ከሰመረ ምንም አይፈጠርም። ቤቱ አይቃጠልም፣ ልጁን ኮረንቲ አይይዘውም፣ በእኩለ ሌሊት የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸትተው የለም። ደንበኛዬ ይህን ሁሉ «ምንም» ለዓመታት ሲገለገልበት ከርሞ አንድ ቀን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ያን ጊዜ በጣም አስወደድክብኝ» ይለኛል።

ዕቃዬ ደግሞ ተቀብሮ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ሽቦው ቱቦ ውስጥ፣ ቱቦው ልስን ውስጥ፣ ልስኑ ቀለም ሥር ይገባል። ሟች እንኳ ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ ይቆምለታል።

ስለዚህ የዋጋ ዝርዝር ይዤ ስቀርብ ምን እንደሚሆን አስቀድሜ አውቀዋለሁ። የደንበኛው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በሳሎኑ ጌጠኛ መብራት ላይ ነው፤ ለእርሱ ክርክር የለም፣ እንግዳ ያየዋል። ከዚያ ጣቱ ወደ ታች ይወርድና ቢጫና አረንጓዴ በሆነው ሽቦ ላይ ይቆማል።

«ይሄ ምን ይሠራል?»

«የመሬት ሽቦ ነው። የዕቃው ብረት ኮረንቲ ቢይዝ ወደ መሬት ይወስድልዎታል።»

«በሌላ ጊዜስ?»

«በሌላ ጊዜ ምንም አይሸከምም።»

በሐቀኝነቴ የተጸጸትኩት ያኔ ነው። «ምንም ለማይሸከም ሽቦ ነው የምከፍለው?» ብለው ሳቁብኝ። የተረፈው ገንዘብ ለጌጠኛው መብራት ሁለት ተጨማሪ ክንድ ገዛ።

ፈቃድን በተመለከተ ሰው አያከብረውም ማለት ሐሜት ነው። ያከብረዋል፤ የሚያከብረው ግን እንደ ጃንጥላ ነው፣ ሲዘንብ ይዋሰዋል። ባለፈው አንድ የማላውቀው ሰው ደውሎ «ሥራው አልቋል፣ የቀረችው ያንተ ፊርማ ብቻ ናት» አለኝ። ሥራውን ሳላየው እንዴት እፈርማለሁ አልኩት። «ምን ታየዋለህ? ግድግዳ ውስጥ ነው እኮ!» አለኝ፣ ከልቡ ተገርሞ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ወረቀቴን ይዤ ቀረሁ። ፈርሞለት የሚሄድ ሌላ ሰው እንዳገኘ ግን አልጠራጠርም።

ተወዳዳሪዬ አንድ ካቻቪቴና አንድ ጥቅል ናስትሮ ያለው ሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ ነው፤ ዘመድ ካልሆነም ዘመድ ያመጣው ነው። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል፣ ሰይጣኑ ደግሞ የሚጠይቀው የመልአኩን ግማሽ ዋጋ ከሆነ ምን ያከራክራል? ሥራውን ብዙ ጊዜ ከፍቼ አይቻለሁ። ለሶኬት መስመር 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ በሚዘረጋበት ቦታ የመብራቱን 1.5 ዘርግቶ ያልፋል። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ እርሱም ጋ አለ፣ አልዋሽም፤ ለማብሪያና ማጥፊያው ኮረንቲ ተሸክሞ አገኘሁት። ሰውየው በቀለም አያዳላም።

ችግሩ የእርሱም ሥራ ብርሃን መስጠቱ ነው። ርክክብ ቀን የእርሱም ቤት ቧ ብሎ ይበራል፣ የእኔም ቤት ቧ ብሎ ይበራል። በማግስቱ በእኔ ቤት ምንም አይፈጠርም፤ በእርሱም ቤት ምንም አይፈጠርም። የእኔ ምንምና የእርሱ ምንም ከውጭ ለሚያያቸው መንታ ናቸው። ከእርሱ «ምንም» በፊት «እስካሁን» የምትል ቃል አለች፣ ነገር ግን እርሷም የተጻፈችው ግድግዳው ውስጥ ነው።

ይባስ ብሎ የእኔ ዕቃዎች ሥራቸውን የሚሠሩት በመነጫነጭ ነው። አንዲት ደንበኛ «ብሬከሩ ታሟል፣ ቁጥሩን ከፍ አድርገህ ቀይርልኝ» ብለው ጠሩኝ። ስደርስ በአንድ ዲቫይደር ላይ ማሞቂያ፣ ካውያና የውሃ ማፍያ ተሰክተዋል፤ እያንዳንዳቸው 2,000 ዋት። 6,000ን ለ230 ቮልት ስናካፍለው 26 አምፔር ይመጣል፤ ብሬከሩ ደግሞ የ16 ነው። ብሬከሩ የሚጠብቀው ማሞቂያውን ሳይሆን ሽቦውን እንደሆነ፣ ኮረንቲው ከ16 ወደ 26 ሲያድግ በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ እንደሚሆን በትሕትና አስረዳኋቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝና «ሌላው ልጅ እኮ በ32 እቀይርልዎታለሁ ብሎኛል» አሉኝ።

አልፈረድኩባቸውም። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጌኦርግ ኦም የኮረንቲን ሕግ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1827 ሲሆን የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ሜዳሊያ የሸለመው በ1841 ነው። የተማሩት ለማጨብጨብ 14 ዓመት ከፈጀባቸው፣ ካውያ የቸኮለባቸው ሴትዮ በአንድ ከሰዓት ይቀበሉኛል ብዬ መጠበቄ ትዕቢት ነው።

ሌላ ቤት ደግሞ ወጥቶ የሄደውና ተመልሶ የመጣው ኮረንቲ በ30 ሚሊአምፔር ሲለያይ መስመሩን በቅጽበት የሚቆርጥ መሣሪያ ገጥሜ ነበር። ሠላሳ ሚሊአምፔር ማለት ያች ማሞቂያ ከምትስበው ከሦስት መቶ አንዱ እጅ ያህል ነው፤ ሰውን ለማትረፍ የታሰበ ስለሆነ ትንሿን ነገር ይቆጥራል። ከጊዜ በኋላ ለሌላ ጉዳይ ስመለስ መሣሪያው ሳጥኑ ውስጥ ሽቦው ተነቅሎ ተቀምጧል። ልብስ ማጠቢያዋ በተከፈተች ቁጥር እየቆረጠ አስቸገረን አሉ። የተጠራው ሰው መሣሪያውን ዘልሎ በቀጥታ አገናኝቶታል፤ እግረ መንገዱንም ያን «ምንም የማይሸከም» ሽቦ ከማጠቢያዋ ቆርጦ ጥሎታል።

«ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ፍጹም ሰላም ነው» አለኝ አባወራው። «እርግጥ ማጠቢያዋ ትንሽ ትነዝራለች። ለምደናታል። የላስቲክ ጫማ አድርገን ነው የምንነካት።»

ጫማዎቹን አሳየኝ። በር ሥር፣ በየልኩ፣ ተደርድረዋል። የሕፃን ጫማ ግን አላየሁም፤ ልጁን «አትንካት» ብለውታል አሉ።

ማዕረጌ ከመብራቱ ጋር የሚወጣና የሚወርድ መሆኑንም ልጥቀስ። ቤቱ ሲጨልም «ኢንጂነር» ነኝ። ሲበራ «ወንድሜ» እሆናለሁ። ሒሳብ ሲነሳ «አንተ ሰው» ላይ እደርሳለሁ። ከዚያ በታች የወረድኩባቸው ቀኖችም አሉ፣ እዚህ አልጽፋቸውም።

ባለፈው ሳምንት ምሽት ከ«ኢንጂነር»ም ከፍ ያለ ጥሪ መጣልኝ። የሳሎኑ መብራት እየተርገበገበ ቆይቶ ጨርሶ ጠፍቷል። «ግን ስትመጣ በቀስታ ግባ» አለኝ ባለቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መስመሩን የሠራልን አማቼ እዚህ ነው፤ ቅር እንዳይለው።» ገባሁ። አማችየው ቅር አላለውም፤ የእጅ ባትሪውን ተቀብሎኝ ያበራልኝ ጀመር። የማበራው እኔ ነኝ ለማለት ያህል ብርሃኑን እርሱ ወደፈለገው ቦታ ነበር የሚያዞረው።

ቆጣሪውን ተከትሎ ያለውን ሳጥን አጥፍቼ ከፈትኩ። የኒውትራሉ (ኮረንቲው የሚመለስበት ሽቦ) ማሰሪያ ላልቶ፣ በላላበት እየጋለ፣ የሽቦው ልባስ ቡናማ ሆኖ ተሰባብሯል። ጥቂት ቢቆይ እሳት አደጋ ሠራተኞች ነበሩ የሚያዩት። የተቃጠለውን ቆርጬ፣ ሽቦውን አድሼ ገፍፌ፣ ማሰሪያውን ለውጬ አጠበቅኩት፤ የቀሩትንም አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ለካሁ። መለስኩት። በራ።

«አላልኳችሁም?» አለ አማችየው። «የላላ ብሎን ነው ብዬ ነበር።»

«ተባረክ» አለው ባለቤቱ። ወደ እኔ ዞሮም «እና ወንድሜ፣ ብሎን ለማጥበቅ ስንት ነው?»

ደረሰኙን አወጣሁ። «የተከናወነው ሥራ» በሚለው ቦታ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። በዚያ ሌሊት በዚያ ቤት ያልተፈጠረውን ነገር በአንድ መስመር እንዴት እንደምጽፈው ሳስብ፣ አማችየው የእጅ ባትሪውን ወረቀቱ ላይ አበራልኝ።

«‹ብሎን ማጥበቅ› ብለህ ጻፍ» አለኝ። «አጥብቀህ ጻፈው፣ ቅጂው ላይ እንዲታይ።»