«ስንት ሜትር ይመታል?» ከማለታችን በፊት አረሩን እንለካ

ሱሉልታ ውስጥ ትንሽ ቶርኖ ቤት አለችኝ፣ ቀኑን ሙሉ ብረት ስቆርጥና ጥርስ ሳወጣ ነው የምውለው፣ እና የጠመንጃ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሰው የሚጠይቀኝ ሁሌ አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ሜትር ይመታል?» ቀጥሎ ደሞ «በርሜሉ ረጅም ነው አጭር?» በቃ። ስለ አረሩ የሚጠይቅ የለም፣ በርሜሉ ውስጥ ስላለው ጥምዝ መስመርማ ጭራሽ ትዝ የሚለው ሰው አላየሁም። የሩቅ ተኩስ የሚበላሸው ግን እዚችው ላይ ነው። መጀመሪያ የሚመረጠው አረሩ ነው፣ ከዛ በአረሩ ርዝመት ልክ ትዊስቱ (ጥምዙ አረሩን በምን ያህል ርቀት አንድ ዙር እንደሚያዞረው)፣ የበርሜል ርዝመት ከነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ይሄን እንድጽፍ ያደረገኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ዴንቨር ነው የሚኖረው፣ የኢላማ ተኩስን እንደ ስፖርት ይዞት ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄዳል። በቅርቡ ለ223 ካሊበር ጠመንጃው አዲስ በርሜል ገዛ፣ 26 ኢንች፣ ወፍራም፣ የሚያምር ዕቃ፣ ሻጩም «ረጅም ስለሆነ ሩቅ ይወስድልሃል» ብሎታል። ከዛ ለሩቅ ይሆናል የሚባለውን ከባዱን 77 ግሬይን (5 ግራም ገደማ) አረር አጉርሶ 100 ሜትር ላይ ሞከረው። በቴሌግራም የላከልኝ ፎቶ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ፣ ወረቀቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ክብ አይደሉም፣ ሞላላ ናቸው፣ አንዱማ የአረሩ ቁመት ከነአፍንጫው ማህተም የተመታ ይመስል ወረቀቱን በጎኑ ቀዶታል። እሱ ደሞ የጠመንጃውን መነጽር ሲፈታ ሲያስር፣ ትንፋሼ ነው ትከሻዬ ነው እያለ ራሱን ሲወቅስ ሁለት ሳምንት ፈጀ። «በርሜሉ ላይ ምን ተጽፏል?» አልኩት። «1:12» አለኝ። ያኔ ገባኝ።

1:12 ማለት አረሩ አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር 12 ኢንች ይሄዳል ማለት ነው፣ 305 ሚሊ ሜትር ገደማ። 1:8 ሲሆን በ203 ሚሊ ሜትር ይዞራል። ቡሎን የነካ ሰው ወዲያው ይገባዋል፣ ሁለተኛው ቁጥር ሲያንስ ዙሩ ይፈጥናል። ዙሩ ምን ያደርጋል ለሚል እናቶቻችን ሲፈትሉ እንዝርቱን ያስታውስ፣ በደንብ ሲሾር ቀጥ ይላል፣ ዙሩ ሲደክም ይንገዳገድና ይወድቃል። አረርም ወጥቶ ከአየር ጋር ሲጋጠም አየሩ አፍንጫውን ሊገለብጠው ይታገላል፣ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ዙሩ ብቻ ነው፣ አረሩ በረዘመ ቁጥር ደሞ ለመገልበጥ ይቀለዋል፣ ስለዚህ የበለጠ ዙር ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ሰው ክብደቱን አይቶ ይሳሳታል። የሚያስፈልገውን ዙር የሚወስነው በዋናነት ርዝመቱ ነው። ከመዳብ ብቻ የተሰራ አረር ውስጡ እርሳስ ካለበት እኩያው ይረዝማል፣ መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል፣ እና ሚዛን ላይ እኩል የሆኑ ሁለት አረሮች የተለያየ ትዊስት ሊፈልጉ ይችላሉ።

በ1879 እ.ኤ.አ. አልፍሬድ ግሪንሂል የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ መምህር ያወጣው ስሌት አለ፣ እስክሪብቶና ወረቀት ይበቃዋል። የአረሩን ውፍረት በራሱ አባዛ፣ በ150 አባዛ፣ ለርዝመቱ አካፍል፣ የሚወጣው አረሩ አንድ ዙር መጨረስ ያለበት ርቀት ነው። የልጁን አረር አብረን ሰራነው፦ ውፍረቱ 5.7 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 25 ገደማ። 5.7 በ5.7 32.49፣ በ150 ሲባዛ 4,873፣ ለ25 ሲካፈል 195 ሚሊ ሜትር። እሱ የገዛው 305! ለፈጣን አረር በ150 ፈንታ 180 ይወሰዳል፣ እንደዛም ብናደርገው 234 ነው የሚመጣው፣ አይጠጋውም። በርሜሉን ግን አልኮንነውም፣ አጭሩን 55 ግሬይን አረር ብታስገባበት፣ 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ በ180 ስትሰራው 308 ይመጣል፣ ለሱ ልኩ ነው። የተሳሳተው ጋብቻው ነው።

ዛሬ ከግሪንሂል የተሻለ የዶን ሚለር ቀመር አለ፣ ፍጥነቱንና የአየሩን ሁኔታ ጭምር ያስገባል፣ ውጤቱ ከ1 ከወረደ አረሩ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ለሩቅ ተኩስ 1.5 እና ከዛ በላይ ይፈለጋል። የአየሩ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካኖቹ ኤም 16 መጀመሪያ ሲወጣ ትዊስቱ 1:14 ነበር፣ በጣም ብርድ ቦታ ሲሞክሩት ቀዝቃዛ አየር ወፍራም ስለሆነ አረሩ መረጋጋት አቃተው፣ ወደ 1:12 ቀየሩት። በኋላ ረዘም ያለ አረር ሲመጣ ደሞ ኤም 16 ኤ 2 ላይ 1:7 አደረጉት። ጠመንጃው በስም ያው ነው፣ አረሩ ሲቀየር በርሜሉም አብሮ ተቀየረ።

እኛ ጋ ነገሩ ይገለበጣል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦን ተሻግራችሁ ሱሉልታ ስትገቡ ደሞ ሳንባችሁ ራሱ ይነግራችኋል፣ አየሩ ከባህር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከአምስት እጅ አንዱ በላይ የጎደለ ነው። ስለዚህ ያው አረር፣ ያው በርሜል፣ እዚህ የበለጠ ይረጋጋል፣ ፍጥነቱንም ቶሎ አይጥልም። ይሄን ስል ቡና ላይ አንዱ ጎረቤቴ «እንግዲያው እዚህ የትኛውም ትዊስት ይበቃላ!» አለኝ። አይበቃም! የልጁን 77 ግሬይን ከ1:12 በርሜሉ ጋር በሚለር ሰርቼው ሱሉልታ ከፍታ ላይ 1 ላይ ነው የምትንጠለጠለው፣ ትንሽ ብርድ ቢጨመር ትወድቃለች። ከፍታውን እንደ ትርፍ ያዙት እንጂ በሱ ተማምናችሁ በርሜል አትምረጡ፣ ነገ ጠመንጃው ቆላ ሊወርድ ይችላል።

ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ላይ አጎቴ ጋ ፈቃድ ያለው የድሮ በልጅግ አለ፣ ከአባታቸው የወረሱት፣ ለዓመታት አልተተኮሰበትም፣ ዘይት ይቀቡታል ብቻ። ባለፈው እሁድ ባዶ መሆኑን ሁለቴ አይተን ትዊስቱን ለካንለት። ራሱን ችሎ የሚሽከረከር እጀታ ያለው መወልወያ ዘንግ ላይ ዘይት የነካ ጨርቅ ጠበቅ አድርገን ጠምጥመን አስገባን፣ ዘንጉ ላይ በማርከር አንድ ነጥብ፣ ከዛ አጎቴ ቀስ እያሉ ሲገፉ ዘንጉ በጣቶቻቸው ውስጥ መዞር ጀመረ፣ የበርሜሉ ጥምዝ ነው የሚያዞረው፣ ሽማግሌው ፊታቸው በራ፣ «ይሄው በእጄ ይዞራል!» አሉ። ነጥቡ ተመልሶ ወደ ላይ ሲመጣ በሜትር ለካን፣ 24 ሳንቲም ገደማ። አንድ ጥይት ሳይተኮስ በርሜሉ ምን ዓይነት አረር እንደሚፈልግ ታወቀ። ያገለገለ በርሜል የሚገዛ ሰው ሁሉ ይሄን ሳያደርግ ብር ባይቆጥር ደስ ይለኛል፣ የተጻፈው ቁጥር ሊፋቅ ይችላል፣ በርሜሉም ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

አጎቴ ስለ ሰናድርም ጠየቁኝ። በ1868 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች መቅደላ ሲመጡ አሮጌ በሚባለው ቦታ ላይ የተኮሱበት ጠመንጃ ነው፣ ትዊስቱ በ78 ኢንች አንድ ዙር፣ ሁለት ሜትር ማለት ይቻላል፣ አረሩ አፈሙዙን እስኪለቅ ግማሽ ዙር እንኳ አይሞላም። ግን ወፍራምና አጭር የእርሳስ አረር ስለሆነ ይበቃዋል።

«ዙር ሲበዛስ አይጎዳም?» የሚል አለ፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በሰከንድ 850 ሜትር የሚሄድ አረር ከ1:8 በርሜል ሲወጣ በሰከንድ ወደ 4,180 ጊዜ ይዞራል፣ ሽፋኑ ስስ የሆነ አጭር አረር በዚህ ፍጥነት አየር ላይ ሊበተን ይችላል። ለሩቅ የሚሰሩት አረሮች ግን ይችሉታል፣ እና ትንሽ የበዛ ዙር የሚያስከፍለው ጥቂት ነው፣ ያነሰ ዙር ግን ኢላማውን ራሱን ነው የሚያሳጣህ። ለዛ ነው ለ223 በከባድ አረር 1:8፣ ለ6.5 ክሪድሙር ጥይት 1:8፣ ለ308 ካሊበር ደሞ 1:10 የምለው። የበርሜል ርዝመት በየኢንቹ ከ6 እስከ 9 ሜትር በሰከንድ ይጨምር ይሆናል፣ ጥሩ ነው፣ በጎኑ የሚሄድን አረር ግን አያቀናም።

በነገራችን ላይ በርሜል በቶርኖ አውጣልን እያሉ የሚመጡ አሉ። አልነካም። ያለ ፈቃድ በጦር መሣሪያ አዋጅ 1177/2012 ወንጀል ነው፣ ደሞ ያ ሁሉ ግፊት ፊታችሁ አጠገብ የሚፈነዳበት ብረት ነው፣ የኔ ማሽን ለሱ አልተሰራም።

የአክስቴ ልጅ በርሜሉን ሸጦ 24 ኢንች 1:8 አስገባ። አዲሱ ፎቶ አምስት ክብ ቀዳዳ ነው፣ በመዳፍ የሚሸፈን። አሁን ደሞ 6.5 አምሮት «የትኛውን በርሜል ልግዛ?» አለኝ። «የትኛውን አረር ነው የምትተኩሰው?» አልኩት። አረሩን የሚለካበት ካሊፐር ሊፈልግ ሄደ።